«ካታራክት»፦ የዓይን ሞራ ወይስ ፏፏቴ?
ስለ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ በዓረፍተ ነገር ስለ አገባቡና ለሐኪም ስለሚተረጎምበት መንገድ

በእስራኤል አገር በየሕክምና ጣቢያው አዛውንቶቻችን ደጋግመው ከሚሰሟቸው ቃላት አንዱ «ካታራክት» የሚለው ነው። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከገቡት ወገኖቻችን መካከል ያን ጊዜ ጎልማሶች የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል፤ ዓይንም ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ስለዚህ ይህ ቃል የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ግን አሳሳች ነው። በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ከገደል ላይ የሚወርድ ብዙ ውኃ ሲሆን ሁለተኛው የዓይን ሕመም ነው። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ ትርጉሙን የሚፈልግ ተማሪ «ፏፏቴ» የሚለውንም «የዓይን ሞራ» የሚለውንም ሊያገኝ ይችላል። የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ካላወቀ ለአያቱ የሚነግራቸው ነገር ግራ ያጋባቸዋል።

እንበልና አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አያቷን ይዛ ዓይን ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሐኪሙ «ካታራክት አለባቸው» ይላል። ልጅቱም ከመዝገበ ቃላት ያገኘችውን ይዛ «እማማ፣ በዓይንዎ ውስጥ ፏፏቴ አለ ይላል» ብላ ትተረጉማለች። አያትየው ፏፏቴ ሲባሉ እንባ የተባለ ይመስላቸዋል፤ «እኔ ዓይኔ አያነባም፣ ደኅና ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። ሐኪሙም «የሚያስቸግራቸው ነገር የለም» ብሎ ይጽፋል። ቀጠሮው ይራዘማል፤ የዓይናቸውም ብርሃን በዚያው መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቃል በቦታው ባለመግባቱ የሚደርሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ከዚህ በታች ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥም እንዴት እንደሚለይ በቅደም ተከተል እናብራራለን።

የቃሉ ምንጭ

«ካታራክት» ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው። መሠረቱ «ካታራክቴስ» ሲሆን ወደ ታች የሚወረወር ወይም የሚወርድ ማለት ነው። ግሪኮች በዚህ ቃል ከከፍታ የሚወድቀውን ውኃ ይጠሩበት ነበር፤ በከተማ ቅጥር ላይ ከላይ ወደ ታች እየወረደ የሚዘጋውንም የብረት በር እንዲሁ ይሉት ነበር።

ታዲያ ከውኃና ከበር ወደ ዓይን እንዴት ተሻገረ? የጥንት ሐኪሞች በዓይን ብሌን ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ከራስ ወደ ዓይን የወረደ፣ በኋላም የረጋ ፈሳሽ ይመስላቸው ነበር። የዐረብ ሐኪሞች ይህን ሕመም «ኑዙል አልማእ» አሉት፤ የውኃ መውረድ ማለት ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን የዐረቦቹ የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲተረጎሙ፣ አፍሪካዊው ቆስጠንጢኖስ የተባለው ተርጓሚ ለዚህ «ካታራክታ» የሚለውን ቃል ተጠቀመ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ ስሙ የተወሰደው ከውኃው ሳይሆን ከበሩ ነው ይላሉ፤ በር ወርዶ መንገድ እንደሚዘጋ ሕመሙም ብርሃንን ይዘጋልና።

በዐረብኛ እስከ ዛሬ ድረስ ሕመሙ «ነጭ ውኃ» ይባላል። በሱዳን የስደት ዘመናቸው ዐረብኛ የለመዱ ወገኖቻችን ይህን ስም ሰምተውት ይሆናል። ይሁን እንጂ የዛሬው ሕክምና እንዳረጋገጠው በዓይን ውስጥ የሚወርድ ውኃ የለም። የሆነው ነገር እንዲህ ነው፦ ከዓይን ብሌን በስተኋላ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሌንስ አለ፤ ይህ ሌንስ በዕድሜ ወይም በሌላ ምክንያት ጥራቱን እያጣ ይደፈርሳል፤ ብርሃንም እንደ ልብ አያልፍበትም።

ቃሉ በዳዊት መዝሙር

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ማስረጃ በመጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በዕብራይስጡ 42ኛ፣ በግዕዙ 41ኛ በሆነው የዳዊት መዝሙር ጥልቁ ጥልቁን ሲጠራ ስለሚሰማው የውኃ ድምፅ ይነገራል። በዚያ ቦታ ዕብራይስጡ «ጺኖር» የሚለውን ቃል ይዟል። ግሪኮቹ ሲተረጉሙት «ካታራክቴስ» አሉት፤ የግዕዙ መጽሐፍ «አስራብ» አለው፤ የአማርኛው ደግሞ «ፏፏቴ» አለው። ቄሶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ዳዊትን በግዕዝ ሲደግሙ ይህን «አስራብ» የሚል ቃል በአፋቸው ይዘውት ኖረዋል።

የሚያስገርመው «ጺኖር» በዛሬው ዕብራይስጥ በየቤቱ ውኃ የሚያልፍበት ቧንቧ መሆኑ ነው። ቧንቧው ሲፈነዳ የሚጠራው ሠራተኛ የሚናገረው ቃልና ቄሱ ሲጸልዩበት የኖሩት ቃል ከአንድ ቦታ ይገናኛሉ። በኦሪት ዘፍጥረት በጥፋት ውኃ ታሪክም ግሪኮቹ ያንኑ «ካታራክቴስ» ሲጠቀሙ ዕብራይስጡ «አሩቦት» ይላል፤ አማርኛው ደግሞ «መስኮቶች» ብሎታል። እንግዲህ አንድ ቃል በአንድ ቦታ ፏፏቴ፣ በሌላ ቦታ መስኮት፣ በሐኪም ቤት ደግሞ የዓይን ሕመም ሆኗል ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ እንደየቦታው መርጠው ተረጎሙት እንጂ አንዱን ቃል ይዘው በሁሉም ቦታ አላስገቡትም። ዛሬ ለአያቱ የሚተረጉም ልጅም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው።

አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ይጠራል

የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ነገር ዕድለኛ ነው፤ ቋንቋው ውኃውንና ዓይኑን አላደባለቀምና።

ፏፏቴ የሚለው ስም ከድምፅ የወጣ ነው። ውኃው «ፏ» ሲል የሚሰማው ድምፅ ስም ሆኖ ቀረ።

የዓይን ሞራ የሚለው ደግሞ ከእርድ ቤት የመጣ ነው። በግ ወይም ከብት ሲታረድ ጨጓራውንና አንጀቱን ሸፍኖ የሚገኘው ስስና ነጭ የስብ መጋረጃ ሞራ ይባላል። በብሌን ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ይህን ስለሚመስል «የዓይን ሞራ» ተባለ። በዛሬ የሕክምና ጽሑፍ «የዓይን ሞራ ግርዶሽ» ተብሎም ይጻፋል፤ ግርዶሽ ማለት እንደ ፀሐይ ግርዶሽ መጋረድ ነው። ሕክምናውንም ሕዝቡ «ሞራ መግፈፍ» ይለዋል።

ስሙ ጥሩና ገላጭ ቢሆንም ሁለት የተሳሳቱ አሳቦችን ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ ሞራ በሥጋ ላይ እንደሚለበስ ሁሉ ሕመሙ በዓይን ላይ የተጣበቀ ቆዳ ይመስላል። እንዲያ አይደለም፤ የደፈረሰው በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። ስለዚህ በቅባትም ሆነ በጠብታ ታጥቦ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ አዛውንቶች «ገና አልበሰለም፣ ይብሰል» ይላሉ። ይህ በድሮው ሕክምና እውነትነት ነበረው፤ ሐኪሞች ሞራው እስኪጠና ይጠብቁ ነበር። በዛሬው ሕክምና ግን እንዲበስል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ማየት መቸገር ኑሮን ሲያውክ ሊታከም ይችላል።

ከሞራ ጋር የሚቀላቀሉ ሌሎች የዓይን ቃላትም አሉ። «ብልዝ» በዓይን ፊት ላይ ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ የሚታይ ነጭ ጠባሳ ነው። «የዓይን ማዝ» ትራኮማ የሚባለው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሕመም ነው። «ግላኮማ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በእርሱ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። በሞራ የተጋረደ ብርሃን ግን፣ ሌላ የዓይን ሕመም ከሌለ፣ በሕክምና ሊመለስ ይችላል። አራቱን መለየት ለታካሚው ትልቅ ጥቅም አለው።

በዕብራይስጥ እንዴት ይባላል?

በዕብራይስጥ ፏፏቴ «ማፓል» ይባላል፤ «ናፋል» (ወደቀ) ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በሐኪም ቤት ንግግር «ካታራክት» ሲሆን ትክክለኛው የዕብራይስጥ ስሙ «ያሮድ» ነው። ይህም «ያራድ» (ወረደ) ከሚለው ግሥ የመጣ ስለሆነ የጥንቶቹን የውኃ መውረድ አሳብ ይዟል።

በጽሑፍ ላይ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ዕብራይስጥ ያለ አናባቢ ስለሚጻፍ «ያሮድ» እና «ያሩድ» በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። «ያሩድ» ማለት ዝቅ ያለ፣ የተጎሳቆለ ማለት ነው። ከሐኪም በመጣ ደብዳቤ ላይ ይህን ቃል ያየ ልጅ «የአያቴ ሁኔታ የከፋ ነው» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። በአጠገቡ ስለ ዓይን የሚናገር ቃል ካለ ግን «ያሮድ»፣ ማለትም የዓይን ሞራ መሆኑን ይወቅ።

በዓረፍተ ነገር ውስጥ

የቃሉን ትርጉም የሚያሳየው ጎረቤቱ ነው። ከአጠገቡ ወንዝ፣ ገደል፣ ክረምት፣ መውረድ፣ መፍሰስ ካለ ስለ ውኃ ነው። ከአጠገቡ ማየት፣ ብሌን፣ መነጽር፣ መጋረድ፣ መግፈፍ ካለ ስለ ዓይን ነው። ምሳሌዎቹ እነሆ።

ሀ. ስለ ውኃ

1. «ክረምት ሲገባ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።» ጢስ ዓባይ ከጣና ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ የሆነ ፏፏቴ ነው። ውኃው ሲወድቅ የሚነሣው ጉም ጢስ ስለሚመስል ስሙን ከዚያ አገኘ። ከጎንደርና ከጣና አካባቢ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ያውቁታል።

2. «ውኃው ለመብራት ኃይል ስለሚወሰድ ፏፏቴው በበጋ ይቀጥናል።» በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የመብራት ኃይል ጣቢያ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀምረዋል።

3. «ከአስዋን እስከ ካርቱም ባለው የዓባይ መንገድ ስድስት ካታራክቶች ይቆጠራሉ።» እዚህ ላይ «ፏፏቴ» ብሎ መተርጎም ልክ አይሆንም፤ ውኃው ከገደል አይወድቅምና። በዓለትና በደሴት መካከል እየተከፋፈለ፣ እየተንደረደረ የሚያልፍበት፣ ለጀልባ የሚያስቸግር ቦታ ነው። «ዓለታማ የወንዝ መውረጃ» ቢባል ይሻላል። ከአንደኛው ካታራክት አጠገብ ባለችው በኤለፋንቲን ደሴት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የአይሁድ ማኅበረሰብ እንደነበረ በአራማይክ የተጻፉ ፓፒረሶች ይመሰክራሉ። ሁለተኛው ካታራክት የአስዋን ታላቁ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከሐይቁ ሥር ሆኗል፤ ግድቡም የተፈጸመው በ1970 ነው።

ለ. ስለ ዓይን

4. «የአባባን ቀኝ ዓይን ሞራ ጋርዶታል።» ሕመሙ በአንድ ዓይን ወይም በሁለቱም ሊሆን ስለሚችል የትኛው ዓይን እንደሆነ ሁልጊዜ ይነገር።

5. «እማማ ሞራው ከተገፈፈላቸው ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር በራሳቸው ያስገባሉ።» የሕክምናው ፍሬ የሚታየው እንዲህ ባለው በዕለት ሥራ ነው።

6. «የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የዓይን ሞራ ቶሎ ሊመጣበት ይችላል።» ወደ እስራኤል ከገባን በኋላ የስኳር ሕመም በማኅበረሰባችን ውስጥ እንደበዛ በሐኪሞች ጥናት የታወቀ ስለሆነ ይህ ዓረፍተ ነገር ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው።

7. «ሕፃኑ ከሞራ ጋር ተወለደ።» ሞራ የአረጋውያን ብቻ አይደለም። በሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር የታየ እንደሆነ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ በሕፃንነት ማየት ያልተማረ ዓይን በኋላ ማስተማር ይከብዳልና።

8. «የኢትዮጵያ የዓይን ሐኪሞች ከፏፏቴ ጋር ሳይሆን ከሞራ ጋር ይታገላሉ።» ይህ ሁለቱን ቃላት ለማነጻጸር የቀረበ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። በኢትዮጵያ በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑ ሲታወቅ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር።

ስለ ሕክምናው በአጭሩ

በጥንት ዘመን ሐኪሞች በመርፌ የደፈረሰውን ሌንስ ከብሌኑ ፊት ገፍተው ወደ ዓይን ውስጥ ይጥሉት ነበር። ይህ አደገኛ ነበር። በ1747 ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል ሌንሱን ከዓይን አውጥቶ ማከም ጀመረ። በ1949 እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ በለንደን ሰው ሠራሽ ሌንስ በዓይን ውስጥ አስገባ። በ1967 ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በትንሽ ቀዳዳ የሚያወጣበትን ዘዴ አስተዋወቀ።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የታዘዘውን ጠብታ ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸትና በቀጠሮ ቀን መገኘት ይገባል። ዓይን ብርቱ ሕመም ከተሰማው፣ ከቀላ ወይም እይታው በድንገት ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ

ታካሚው ሕመሙን ራሱ በሚያውቀው ቃል ቢናገር ይሻላል። ሞራ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ቀስ በቀስ ይመጣል። ምልክቶቹ «ጉም የመሰለ ነገር ይታየኛል»፣ «የመኪና መብራት ያንፀባርቅብኛል»፣ «ቀለም ደበዘዘብኝ»፣ «መነጽር ብቀይርም አልረዳኝም» የሚሉ ናቸው። በዕብራይስጥ ቢያንስ እነዚህን ሦስት አባባሎች መያዝ ይጠቅማል፦

«ሀረኢያ ሼሊ መቱሽቴሼት» — እይታዬ ደብዝዟል።
«የሽ ሊ ካታራክት ባዓይን ሀየማኒት» — በቀኝ ዓይኔ ሞራ አለብኝ።
«አኒ ሮጼ መቱርጌማን ለአምሃሪት» — የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። (ሴት ስትናገር «ሮጻ» ትላለች።)

ሦስተኛው አባባል ልመና አይደለም። በ1996 የወጣው የእስራኤል የታካሚ መብት ሕግ ታካሚው ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው በሚገባው መንገድ ተነግሮት እንዲስማማ ያዛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲያቀርቡ አሳስቧል። እንግዲህ ሽማግሌው ሳይገባቸው በስምምነት ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ አይገባም። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የአያቱን ቀዶ ሕክምና እንዲተረጉም ማድረግም ለሁለቱም ሸክም ነው፤ አያቱ በልጅ ፊት ሕመማቸውን ሁሉ አይናገሩም፤ ልጁም የማያውቀውን ቃል በግምት ይሞላል።

አስተርጓሚ ጠፍቶ ልጅ የግድ መተርጎም ካለበት ግን ቃሉን ብቻ ከመመለስ ነገሩን መግለጥ ይበልጣል። «እማማ፣ በዓይንዎ ውስጥ ያለው ሌንስ ደፍርሷል፤ ይህ የዓይን ሞራ የሚባለው ነው፤ ሐኪሙ አውጥተው በምትኩ አዲስ ሌንስ ሊያስገቡልዎ ይፈልጋሉ፤ ምን ይላሉ?» ቢላቸው አያቱ ጠይቀው፣ ተረድተው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ይወስናሉ።

አዛውንቶቻችን ስለ ዓይን፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ሆድ ሕመም የሚያውቋቸው የአማርኛና የትግርኛ ቃላት ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕመሙን በምሳሌ የሚያሳዩ ስለሆኑ ለሐኪምም ለአስተርጓሚም ይጠቅማሉ። ልጆች እነዚህን ቃላት ከአያቶቻቸው እየጠየቁ፣ እያንዳንዱን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር በአማርኛና በዕብራይስጥ በደብተር ቢጽፉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ደብተሩ በእጃቸው ይገኛል።